ቡና ያለ ሁሉ ቡና ማለቱ አይደለም

ሐረር ላይ እንግዳ ማስጎብኘት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። «ቡና የሚለው ቃል ከየት መጣ?» ይሉታል። መልሱን ሳይጨርስ እንግዳው የራሱን አገር ቋንቋ ያመጣል። «በእኛ ቋንቋ እኮ ቡና ማለት እንዲህ ማለት ነው» ይላል። በዚህ ጊዜ ከብዙ አስጎብኚዎች የምሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «አያችሁ፣ ቃሉ ከእኛ ነው የሄደው!» መስማቱ ደስ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እውነት አይደለም።

እኔ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ሳስጎበኝ እነዚህን ቃላት በደብተር እየያዝኩ ቆይቻለሁ። እንግዳው የተናገረውን እጽፋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ፣ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ። አሁን የምጽፈው ለአዳዲስ አስጎብኚዎች፣ ቡና ለውጭ ገዢ ለሚያቀርቡ ልጆችና ቋንቋ ለሚወድ ሁሉ ነው። የሐረር ቡና የራሱ እውነተኛ ታሪክ አለው። ያልሆነ ነገር ሲጨመርበት እውነተኛውም አብሮ ይጠረጠራል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

መጀመሪያ የቤታችንን ቃል እንይ። እውነተኛው ዝምድና ምን እንደሚመስል ካላወቅን ሐሰተኛውን መለየት አንችልም።

በአማርኛ ቡና ስንል «ና» ይጠብቃል። ከጀጎል በሮች ወጥታችሁ ከኦሮሞ ገበሬ ጋር ስታወሩ እሱም ቡና ይላል፤ የእሱ «ና» ግን ላላ ያለ ነው። ጀጎል ውስጥ በሐረሪዎች ቋንቋ፣ በጌይ ሲናን፣ ቡን ነው። ትግርኛም ቡን ይላል። ሶማሌዎችም ፍሬውን ቡን ይሉታል። ከፋ ብትወርዱ ቡኖ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግራችሁ የመን ብትገቡ ፍሬው ቡን ነው፤ መጨረሻው ጠበቅ ይላል። በስዋሂሊ ደግሞ ቡኒ ይሆናል።

እነዚህ ቋንቋዎች የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ጌይ ሲናንና አረብኛ ሴማዊ ናቸው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ኩሻዊ ናቸው። የከፋ ቋንቋ ከኦሞአዊ ይመደባል። ስዋሂሊ ከነጭራሹ የሌላ ቤት ነው፤ ባንቱ ነው። ታዲያ እንዴት አንድ ቃል ሁሉም ዘንድ ተገኘ? ዕቃው ስሙን ይዞ ስለተጓዘ ነው። ቃሉም ነገሩም አንድ ነው። መንገዱም ይታወቃል። የሐረር ቡና በግመል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ከዘይላ በባሕር ወደ ኤደንና ወደ የመን ወደቦች ይሻገራል። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር የገባው ይህንኑ ንግድ ፍለጋ ነው፤ ኤደን ላይ መቀመጫ ለነበረው ለባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ የንግዱ መንገድ ወደዚያ ዞረ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችውም በዚሁ ሐዲድ ነው።

እዚህ ላይ ሶስት ነገር ልብ በሉ። ድምጹ ይመሳሰላል። ትርጉሙ ያው ነው። ቃሉን ያጓጓዘው ሰውና መንገድ ደግሞ በስም ይጠራል። ሶስቱ አንድ ላይ ሲገኙ «ይሄ ቃል ከዚህ ወደዚያ ሄደ» ብትሉ ማንም አያፍርባችሁም። አንዱ ከጎደለ ቆም በሉ።

ቀለም እንኳን ሳይቀር አብሮ ሄዷል። እኛ ቡናማ እንላለን። አረቦችም ከቡን ተነስተው ያንኑ ቀለም ቡኒ ይሉታል።

አሁን ወደ እንግዶቼ ልምጣ።

አንድ ጊዜ ቱርካዊ ሽማግሌ ይዤ አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። ነደባው ላይ፣ ማለትም ከፍ ብሎ በተሠራው የቤቱ መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ቡና ቀረበ። ሽማግሌው ስኒውን እያዩ ለልጃቸው በቱርክኛ አንድ ነገር አሉ። ከንግግራቸው የያዝኳት አንዲት ቃል «ቡና» ነበረች። የቤቱ እናትም ሰምተው ፊታቸው በራ። «ቋንቋችንን ያውቃሉ እንዴ?» አሉኝ። ልጁን ጠየቅኩት። አባቱ ያሉት «ቡና ነ ዴኒር?» ነው። «ይህን ምን ይሉታል?» ማለት ነው። በቱርክኛ «ቡ» ማለት «ይህ» ነው። «ቡና» ደግሞ «ለዚህ» ወይም «ወደዚህ» ማለት ነው። ሽማግሌው «ቡና ምን ይባላል» ብለው ጠየቁ፤ መልሱም «ቡና» ሆነ። ያን ቀን ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ግን እዩት። በቱርክኛው «ቡና» ውስጥ አንድ ሙሉ ቃል የለም። ቃሉ «ቡ» ነው። የቀረው የሰዋስው ቅጥያ ነው። እኛ «ለ» ብለን ፊት የምንቀጥለውን ቱርኮች ኋላ ይቀጥሉታል። ከእኛ ቡና ጋር ሊያዛምደን የሚችል ሥር የለም። ቱርኮች መጠጡን ካህቬ ነው የሚሉት። ስለዚህ አንድ ሰው የአገሩን ቃል ሲነግራችሁ መጀመሪያ «ቃሉ ሊበተን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተበተነ ከተበተነው ቁራጭ ጋር እንጂ ከሙሉው ድምጽ ጋር አታወዳድሩት።

የሮማኒያ እንግዶች ደግሞ ቡና ሲሰሙ ይገረማሉ። ሰላምታቸው ነው። ጠዋት ሲገናኙ «ቡነ ዲሚኔያጻ»፣ ቀን ላይ «ቡነ ዚዋ» ይባባላሉ። በጓደኛሞች መሃል «ቡነ!» ብቻ ይበቃል። ጥሩ ማለት ነው፤ በሴቴ ጾታ። አያትን ቡኒክ፣ ሴት አያትን ቡኒከ ይላሉ፤ ከዚያው ሥር ነው። አንዲት ሮማኒያዊት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆማ አንድ የቡና ቤት ማስታወቂያ አነበብኩላት። «ስለዚህ ቡና ማለት ጥሩ ነገር ማለት ነው!» አለች። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ወደኋላ ተከትለን እንሂድ።

ሮማኒያኛ የላቲን ልጅ ነው። «ቡነ» በላቲን «ቦና» ነበር። ወንዴው «ቦኑስ» ነው። ጣሊያኖች «ቡዎኖ» የሚሉት፣ ፈረንሳዮች «ቦን» የሚሉት ከዚሁ ነው። ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ በጣም በቆየው ላቲን ቃሉ «ዱዌኖስ» ነበር፤ በዚህ መልክ በጥንታዊ የሸክላ ዕቃ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ዱዌኖስና ቡና! አሁን ማን ዘመድ ናቸው ይላል? መጀመሪያ ላይ «በ» ራሱ የለችም።

ከዚህ አንድ ነገር ይዣለሁ፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። እውነተኛ ዘመዶች ወደኋላ በሄዳችሁ ቁጥር እየተቀራረቡ ይመጣሉ። በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ቃላት ግን ወደኋላ ሲኬድ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ዛሬ በመንገድ ላይ ተገናኝተው ነው እንጂ የመጡት ከየራሳቸው አገር ነው። ስለዚህ ቃሉ ዛሬ ምን እንደሚመስል ብቻ አትዩ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ ከሺህ ዓመት በፊት ምን ይመስል ነበር በሉ።

ይሄ መንገድ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ጀርመኖች ጋ ስንመጣ ነው የሚከብደው።

ጀርመኖች የቡናን ፍሬ «ካፌቦነ» ይላሉ። ሆላንዶች «ኮፊቦን» ይላሉ። እንግሊዞች «ኮፊ ቢን»። «ቦነ»፣ «ቦን»፣ «ቢን»፣ «ቡና»፤ ጆሮ ላይ አንድ ናቸው። ትርጉሙም ፍሬ ነው። አስጎብኚዎች ብቻ ሳይሆኑ የተማሩ ሰዎችም «እንግሊዞች ቢን የሚሉት ከኛ ቡና ወስደው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚያ ላይ ወደኋላ ብትሄዱ ነገሩ ይብሳል። የጀርመንኛ፣ የሆላንድኛና የእንግሊዝኛ የጋራ አያት በሆነው ቋንቋ ቃሉ «ባውኖ» ነበር ይላሉ ሊቃውንቱ። ይሄማ ከቡና ጋር ይበልጥ ይቀራረባል!

እዚህ ላይ የሚፈርደው ድምጽ አይደለም። ዘመን ነው። «ቢን» በጥንታዊ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሺህ ዓመት በፊት አለ፤ ባቄላ ማለት ነበር። የለንደን ሰው የመጀመሪያውን ቡና ቤት ያየው ግን እ.ኤ.አ. በ1652 ነው። ያልደረሰ ዕቃ ስሙን አስቀድሞ ሊልክ አይችልም። ባቄላቸው ቀድሞ ነበር፤ ቡናው ሲመጣ ፍሬው ባቄላ ስለመሰላቸው በዚያው ጠሩት። በነገራችን ላይ የቡና ፍሬ ከባቄላ ወገን አይደለም። የቀይ እሸት ውስጥ ዘር ነው፤ ይህን የምናውቀው እኛ ነን።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ «ቃሉ ከዕቃው በፊት ነበር ወይ?» ነው። ከነበረ ነገሩ አለቀ።

ጀርመን ላይ ሌላም ቡና አለ። ይሄኛው ስለ መጠጥ ከማውራት ያለፈ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰማሁት ድሬዳዋ ነው። አንድ የቡና ማሽን የሚጠግን ወዳጄ የመለዋወጫ እሽግ አሳየኝ። ትንንሽ ጥቁር የጎማ ቀለበቶች ናቸው። እሽጉ ላይ «ቡና-ኤን» የሚል አለበት። «አቦ፣ ለቡና ማሽን ብለው ነው አይደል ቡና ያሉት?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነበር፤ ማንም እንደዚያ ያስባል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ኬሚስቶች ሰው ሠራሽ ጎማ ይሠሩ ነበር። ዋናው ቅመም ቡታዳይን የሚባል ኬሚካል ነው። አብሮ የሚገባው ደግሞ ሶዲየም፤ ጀርመኖች ናትሪየም ይሉታል። የሁለቱን መጀመሪያ ወስደው «ቡ» እና «ና» አገጣጠሙ። ቡና ተባለ። ይሄ ቃል አያት ቅድመ አያት የለውም። ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው የፈጠሩት ስም ነው።

ይህ ጎማ ከባድ ታሪክም አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች አውሽቪትስ አጠገብ ትልቅ የቡና ጎማ ፋብሪካ ለመገንባት እስረኞችን በግዳጅ አሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው የሞኖቪትስ ካምፕ ራሱ ቡና ተብሎ ይጠራ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው እዚያ አልቋል። አንዳንድ አውሮፓዊ እንግዳ፣ በተለይ ቤተሰቡ በዚያ ያለፈ ሰው፣ ይህን ቃል ሲሰማ ዝም ሊል ይችላል። አስጎብኚ ይህን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። «ቡና ማለት በአገራችሁ ምንድነው?» ብላችሁ ለመሳቅ አትቸኩሉ። ሰውየው ራሱ ካነሳው ስሙት።

ጃፓኖች ጋ ቡና ዛፍ ነው። የኛ ዛፍ አይደለም። በብርድ አገር የሚበቅል፣ ብርዱ ሊገባ ሲል ቅጠሉ ቢጫ የሚሆን ትልቅ የጫካ ዛፍ ነው። ከጃፓን ዋና ደሴት በሰሜን በኩል ሺራካሚ ሳንቺ የሚባል የቡና ጫካ አለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጀጎል የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለዚህ ለጃፓን እንግዳ ስነግረው «እኛም እናንተም በዩኔስኮ የተመዘገበ የቡና አገር አለን» እላለሁ፤ በጣም ይወዱታል። በፊደላቸው ሲጽፉት «እንጨት» እና «የለም» የሚሉትን ሁለት ምልክቶች አጣምረው ነው። እንጨቱ ቶሎ ስለሚበላሽ የማይረባ ተብሎ ነው ይላሉ። ጃፓኖች መጠጡን ኮሂ ይሉታል። የዛፉን ስም ከኛ ቡና የሚያገናኝ ምንም መንገድ የለም። ነጋዴም፣ ወደብም፣ ዘመንም የለም።

የቦታ ስሞችን ቶሎ ልለፋቸው። ቦስኒያ ውስጥ ሞስታር አጠገብ ቡና የሚባል ወንዝ አለ፤ ብላጋይ ላይ ከገደል ሥር ይፈልቃል። አልባኒያም ቡና የሚባል ሌላ ወንዝ አላት። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ቡና የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1942 መጨረሻ እስከ 1943 መጀመሪያ አውስትራሊያውያንና አሜሪካውያን ከጃፓን ጦር ጋር በጣም የተዋጉባት ናት። አንድ አውስትራሊያዊ እንግዳ «አያቴ ቡና ላይ ተዋግቷል» ሲል አጠገቡ የነበረው ልጅ ደነገጠ። እኔ ታሪኩን አውቀው ስለነበር ስለ አያቱ ጠየቅኩት፤ ረጅም ጊዜ አወራን። ኬንያ ውስጥ ዋጂር አውራጃም ቡና የምትባል ከተማ አለች።

የአልጄሪያዋን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አናባ የምትባለውን ከተማ የድሮ አረቦች ቡና ይሏት ነበር። ፈረንሳዮች ቦን አሏት። ስሙ የተገኘው ከሮማውያኑ «ሂፖ» ነው፤ «ሂፖና» እየተባለ፣ ፊቱ እየተቆረጠ። ይህች ከተማ ቅዱስ አውግስጢኖስ ጳጳስ ሆኖ ያገለገለባትና እ.ኤ.አ. በ430 ያረፈባት ናት። አንድ ሰው የአረብኛ የድሮ መጽሐፍ አንብቦ «ቡና የሚባል አገር ነበር» ብሎ ቢመጣባችሁ ስለ ቡና ተክል አይደለም። አረብኛ ሲጻፍም ይለያያል። የቡናው ቃል አጭር «ቡ» እና ጠባቂ «ን» አለው። የከተማዋ «ቡ» ረዘም ይላል።

ሰዎች «ይሄ ሁሉ እንዴት አጋጣሚ ይሆናል?» ይሉኛል። በዓለም ላይ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ። በ፣ ነ፣ ኡ፣ አ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምባቸው ቀላል ድምጾች ናቸው። አጭር ቃል በቀላል ድምጽ ሲሠራ መገጣጠሙ አይቀርም። እንዲያውም የማይገኝበት ቢኖር ነው የሚደንቀው። ቃሉ በረዘመ ቁጥር ግን አጋጣሚ እየከበደ ይመጣል። ስለዚህ አጭር ቃል ላይ ይበልጥ ተጠራጠሩ።

ትርጉሙ ጭምር ቢገጥምስ? እሱም ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ ምባባራም የሚባል የነባር ሕዝብ ቋንቋ ነበር። ውሻን «ዶግ» ይሉታል። እንግሊዝኛው «ዶግ»፣ የእነሱም «ዶግ»። ግን ከእንግሊዝኛ አልወሰዱትም። ወደኋላ ሲኬድ የእነሱ ቃል «ጉዳጋ» ነበር፤ ጎረቤት ቋንቋዎቻቸው ዛሬም በዚያው አቅራቢያ ነው የሚሉት። የእንግሊዝኛው ደግሞ «ዶጋ» ከሚመስል የራሱ ጥንታዊ ቃል መጣ። ይህን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ «ድምጹም ትርጉሙም ገጠመ» የሚል ክርክር ብቻውን አይበቃኝም።

አሁን በጣም ስሱ ወደሆነው ነገር ልምጣ። «ኮፊ የሚለው ቃል ከከፋ ነው የመጣው» የሚለውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ከፋ የቡና ጫካ አገር መሆኑን ማንም አይነካም። ቃሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ኮፊ» ከሆላንድኛው «ኮፊ»፣ እሱ ከቱርክኛው «ካህቬ»፣ ካህቬ ደግሞ ከአረብኛው «ቀህዋ» መጣ። ይሄ መንገድ በጽሑፍ ደረጃ በደረጃ ይታያል። ቀህዋ በድሮ የአረብ ግጥም ወይን ጠጅ ማለት ነበር። የየመን ሱፊዎች በአስራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ቡና መጠጣት ሲጀምሩ ያ የቆየ ቃል ለአዲሱ መጠጥ ሆነ። ቅድም ለእንግሊዞቹ ባቄላ ያነሳነውን ጥያቄ እዚህም እናንሳ። ቃሉ ከዕቃው በፊት ነበር? ነበር። ከፋዎች ራሳቸውም «ቡኖ» ነው የሚሉት። ለእንግሊዙ የጠየቅነውን ለራሳችን ካልጠየቅን ፍርዱ ፍርድ አይሆንም። የከፋ ክብር ጫካው ነው፤ የቃሉ መንገድ ደግሞ በእውነተኛው ስሙ ቡና፣ ቡን፣ ቡኖ እየተባለ ከእኛ ዘንድ ይነሳል። ይሄ አይበቃም ወይ?

ቀህዋ ሐረርም አለ። የቡና ቅጠል አፍልተው ሲጠጡ ሐረሪዎች «ቁቲ ቃህዋ» ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ቡን የሚለው የኛው ቃልና ከባሕር ማዶ የመጣው ቃህዋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ለፍሬው፣ አንዱ ለቅጠሉ። እንግዳ ስትወስዱ ሁለቱንም አስቀምሱት፤ ከዚያ ስሙን አስረዱት። ቃል እየቀመሱ ሲማሩት አይረሳም።

ቃል መመዝገብ ለምትፈልጉ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። እንግዳውን ቃሉን ቀስ ብሎ ሁለት ሶስቴ እንዲለው እጠይቃለሁ። ከዚያ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲያስገባው። ዓረፍተ ነገሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የቱርኩን «ቡና» ያወቅኩት በሱ ነው። በፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ አጠገቡ «ይጠብቃል» ወይም «ይላላል» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ካላደረጋችሁ የኦሮምኛውና የአማርኛው ቡና ደብተራችሁ ላይ አንድ ይሆኑባችኋል። እንግዳው መጠጡን በአገሩ ምን እንደሚለው ደግሞ ለብቻው እጠይቃለሁ። ቡና የሚል ቃል ኖሮት መጠጡን በሌላ ስም ከጠራው ብዙ ነገር ተፈታ ማለት ነው።

የጎረቤቶቻችንን ቃላት ስትይዙ ደግሞ ትርጉሙ በትንሹ ሲንሸራተት ታገኛላችሁ። መጋላ ሐረር ላይ ገበያ ነው። በኦሮምኛ መጋላ ከተማ ነው። ሶማሌው መጋሎ ሲል ከተማ ማለቱ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ መጋላ የአንድ ሰፈር ስም ሆኗል። እነዚህ በአጋጣሚ የተገናኙ አይደሉም፤ አብረው የኖሩ ሰዎች ቃል ነው። ገበያ ባለበት ከተማ ይኖራል። እዚህ ላይ አጋጣሚ ነው ብሎ መዝጋትም ልክ አይሆንም።

በመጨረሻ ቡና ለሚሸጡት አንድ ነገር አለኝ። ኬንያውያን ገዢዎች ሲመጡ «ምቡኒ» የሚል ቃል ትሰማላችሁ። በስዋሂሊ ቡኒ የቡና ፍሬ ነው፤ ከአረብኛው ቡን የመጣ፣ የኛው ዘመድ ነው። ምቡኒ ደግሞ የቡና ተክል ነው። ይኸው ምቡኒ ሰጎን ማለትም ነው፤ ሰጎኗ ግን ከቡናው ጋር ምንም ዝምድና የላትም። በኬንያ የቡና ንግድ ምቡኒ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው፤ እኛ ጀንፈል የምንለው። እዚያ አገር ዋናው ቡና ታጥቦ ስለሚዘጋጅ ምቡኒ ዝቅ ባለ ዋጋ ነው የሚታየው። የሐረር ቡና ግን ጥንትም የሚዘጋጀው በደረቁ ነው፤ ጣዕሙም ከዚያ ነው። ኬንያዊው ገዢ የእናንተን ቡና አይቶ «ምቡኒ ነው» ካለ ቃሉን በትክክል ነው የተጠቀመው። ግን በአፉ የያዘው የአገሩን ዋጋ ነው። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን አስረዱት፤ ቆልታችሁም አቅምሱት።